የኤሊ ትል ፍለጋ፦ ከሞንፔልየ እስከ ባንዩልስ

ሰኞ፣ ወደ ፔርፒኛን

ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ናርቦንን ካለፍን በኋላ ባቡሩ ውሃ ላይ የሚሄድ ይመስላል። በቀኝም በግራም ጨዋማ የባህር ዳር ሐይቆች ናቸው። ፍላሚንጎዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ጭቃውን ይበጠብጣሉ። አቢጃታን አስታወሱኝ። ከፊት ለፊት ካኒጉ ተራራ ብቅ ይላል፤ 2,784 ሜትር። ሰዎቹ ስለሱ ሲያወሩ ሌላ ነው። ራስ ዳሸን 4,500 ሜትርን በሚያልፍበት አገር ላደገ ሰው ግን ያው ኮረብታ ነው።

መንገድ ላይ እያለሁ እማዬ ደወለች። የት እንደምሄድ ነገርኳት። ኤሊ ውስጥ የሚኖር ትል ልናይ ነው አልኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«አንተ ልጅ፣ ፈረንሳይ ድረስ ሄደህ ትል? እዚሁ ኮሶ ጠጥተህ ብትገላገል አይሻልም ነበር?»

ምን ልበላት። ጥፋቱ የኔ ሳይሆን የጓደኛዬ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አብረን ባዮሎጂ ተምረናል። እኔ ወደ ኮምፒውተሩ አዘነበልኩ፤ እሷ ትል ላይ ቀረች። አሁን ፔርፒኛን ውስጥ ዶክትሬቷን እየሠራች ነው። «ጥቂት ቀን ና፤ ባልዲ የሚሸከምልኝ ሰው እፈልጋለሁ» ስትለኝ እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

ትሉ ፖሊስቶም ይባላል። ጠፍጣፋ ነው፤ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ። በኋላ ጫፉ ላይ ስድስት መጣበቂያዎች አሉት። በእነሱ ነው የሚኖርበት እንስሳ አካል ላይ ልጥፍ ብሎ የሚቀረው። ኤሊ ላይ ሦስት ሰፈሮች አሉት፦ አፍና ጉሮሮ፣ የሽንት ፊኛ፣ የዓይን ሽፋን ሥር። የጉሮሮው ትል ፊኛ ውስጥ አይገኝም። የፊኛው ደግሞ ዓይን ውስጥ ምንም ሥራ የለውም። ዘመዶቹ እንቁራሪት ውስጥ ይኖራሉ። አንዱ አውስትራሊያ ውስጥ ሳንባ ባለው ዓሣ ላይ ይገኛል። አንዱ ደግሞ፣ አትሳቁ፣ ጉማሬ ዓይን ውስጥ ነው። ይሄኛው በ1924 ሳይንሳዊ ስም ወጥቶለታል። የሐዋሳን ጉማሬ ስንት ጊዜ አይቼ ዓይኑ ሥር ምን ሊኖር ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከባቡር ስወርድ ነፋሱ ኮፍያዬን ሊወስድብኝ ነበር። ትራሞንታን ይሉታል። ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፤ አንዴ ከጀመረ ቶሎ አይተውም። ጓደኛዬ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ትስቃለች። «ባልዲዎቹ መኪና ውስጥ ናቸው» አለችኝ፣ ገና ሰላም ሳንባባል።

ማክሰኞ፣ ወንፊትና ባልዲ

ላቦራቶሪው እንደ ስሙ አይደለም። ግማሹ የልብስ ማጠቢያ ቤት ይመስላል። መደርደሪያው ላይ ባልዲዎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ኤሊ አለ፤ ክዳኑ ላይ ቁጥር ተጽፏል። ውሃው ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ነው፤ ክሎሩ እንዲወጣ ቀድሞ አድሯል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኤሊው ጥቂት ቀን ለብቻው ይቆያል። ውስጡ ትል ካለ እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ ከሽንት ወይም ከምራቅ ጋር ወደ ውሃው ይወጣል። ውሃውን በቀጭን ወንፊት ማጥለል፣ የቀረውን ዝቃጭ ሳህን ላይ ገልብጦ በማይክሮስኮፕ መፈለግ፤ በቃ። ድሮ ኤሊው ተገድሎ ይከፈት ነበር። አሁን የአገሬው ኤሊዎች በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ መግደል አይታሰብም። ደግሞም ከእንቁላሉ ዲኤንኤ ማውጣት ስለተቻለ መክፈቱ አያስፈልግም።

ጠዋቱን ሙሉ አሸዋ፣ አልጌና የኤሊ ኩስ ሳይ ዋልኩ። ዓይኔ ሲደክም ጓደኛዬ በመርፌ ጫፍ አንድ ነገር ገፍታ ወደ መሀል አመጣችልኝ። «ይሄውልህ።»

ሞላላ ነው። ቀለሙ ወርቃማ ቡናማ፣ መጠኑ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ። ብርሃኑን ስትጨምርበት ውስጡ ይታያል። ጫፉ አካባቢ አራት ጥቁር ነጥቦች ነበሩ። ውስጡ ያለው እጭ፣ ማለትም ገና ያልተፈለፈለው ትል፣ ዓይኖች ናቸው። ነጥቦቹ ከታዩ ሊፈለፈል ተቃርቧል ማለት ነው። ትንሽ እንደቆየን ነጥቦቹ ተነቃነቁ። እጩ እንቁላሉ ውስጥ ሆኖ ይገላበጣል። ከዚያ የቅርፊቱ ክዳን ተከፈተና ወጣ። ሰውነቱን በከበቡት ጥቃቅን ፀጉሮች እየቀዘፈ ሳህኑን ዞረው። ፍጥነቱ ገረመኝ፤ ሌንሱን እያንቀሳቀስኩ ልከተለው ብሞክር አመለጠኝ።

ያ እጭ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ዕድሜ የለውም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ኤሊ ማግኘት አለበት። እንደ ቢልሃርዝያ በቀንድ አውጣ በኩል መዞር አያስፈልገውም። ከኤሊ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ኤሊ፣ ቀጥታ ነው። ለዚህ ነው ሁለት የተለያዩ ኤሊዎች አንድ ኩሬ ሲጋሩ ነገር የሚበላሸው።

ነገሩን ያበላሸው ሰው ነው። አሜሪካዊው ባለ ቀይ ጆሮ ኤሊ ከሚሲሲፒ አካባቢ የመጣ ነው። ከዓይኑ ኋላ ቀይ መስመር አለው። ሕፃን ሳለ ሳንቲም ያክላል፣ ቆንጆ ነው፣ ርካሽ ነበር። ከ1985 እስከ 1994 ባሉት ዓመታት ፈረንሳይ ብቻ ከ4 ሚሊዮን በላይ አስገብታለች። ሕፃኑ ያድጋል፤ ውሃው ይሸታል፤ እናት ትሰለቻለች። ቅዳሜ ከሰዓት ቤተሰቡ ወደ ወንዝ ይወርድና «ነፃ ያወጡታል»። የአውሮፓ ኅብረት ማስገባቱን በ1997 አገደ። ነጋዴው ምን አደረገ? ቢጫ ጆሮ ያለውን የወንድሙን ልጅ ማስመጣት ጀመረ። ዝርያው በሙሉ የተከለከለው በ2016 ነው።

ከነዚያ ሚሊዮኖች ጋር ምን ተሳፍሮ እንደመጣ ግን ጠረፍ ላይ ያየ የለም። ማን የኤሊ ጉሮሮ ይመረምራል?

ረቡዕ፣ ባንዩልስ

ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሳን። ባንዩልስ ከስፔን ድንበር ጥግ ያለች የባህር ዳር ከተማ ናት። በጣፋጭ የወይን ጠጇ ትታወቃለች። ወይኑ የሚበቅለው ቀጥ ባለ ተዳፋት ላይ ነው። በድንጋይ ካብ የተደገፈ እርከን በእርከን፤ ኮንሶን ያየ ሰው እዚህ እንግድነት አይሰማውም። ከተማዋ ከ1880ዎቹ ጀምሮ የባህር ሳይንስ ጣቢያ አላት። እኛ ግን ባህሩን ትተን ወደ ውስጥ ዞርን፤ ወደ ባዮሪ ወንዝ።

ወንዝ መባሉ ራሱ ያከራክራል። በበጋ አብዛኛው ድንጋይ ነው፤ እዚህም እዚያም ኩሬ ይቀራል። ሸለቆው ውስጥ የቀራፂው የአሪስቲድ ማዮል ቤት አለ፤ አሁን ሙዚየም ነው። እኛ ከሱ አቅራቢያ ቁልቁል ወደ ሸምበቆው ገባን። ሜዲትራኒያናዊው የወንዝ ኤሊ መናኸሪያው ሰሜን አፍሪካና ስፔን ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በዚህ ጥግ ብቻ ቀርቷል። ከሁሉም የታወቀው መንደሩ ደግሞ ይሄ ወንዝ ነው።

ወጥመዱ ክብ ሽቦ የገባበት የመረብ ከረጢት ነው። አፉ ወደ ውስጥ ይጠባል፤ የገባ አይወጣም። ማባበያው የሰርዲን ቆርቆሮ ነው፤ በምስማር ሁለት ሦስት ቦታ ይበሳና ሽታው ይወጣል። ከረጢቱ ውስጥ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይደረጋል። ቆሻሻ አይደለም። የወጥመዱ ጀርባ ከውሃ በላይ እንዲንሳፈፍ ነው። ኤሊ በሳንባ ስለሚተነፍስ፣ ሙሉ በሙሉ ከሰጠመ ሌሊቱን ታንቆ ያድራል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጓደኛዬ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልላ ኪሷ ውስጥ ይዛዋለች።

የመጀመሪያው መረብ ውስጥ ሸርጣን ነበር። ሁለተኛው ባዶ። ሦስተኛው ውስጥ ሁለት ኤሊ ተጋፍተው ተቀምጠዋል።

አንዷን እንድይዝ ሰጠችኝ። ቅርፊቷ የወይራ ቀለም አለው፤ አልጌ ለብሶ ያሙለጨልጫል። አንገቷ ላይ ብርቱካናማ ቢጫ መስመሮች ወርደዋል። ሽታዋ አይጣል ነው። ይህ ዝርያ ሲፈራ ይገማል፤ መከላከያው ነው። በኋላ እግሯ ጥፍር መዳፌን ገፋችና ሸናችብኝ። ሙቅ ውሃ እስከ ክርኔ ወረደ።

«ኧረ ያዘው! ያዘው! ናሙናው ፈሰሰ!»

ጓደኛዬ ነበረች። ለእጄ አይደለም ያዘነችው። የፊኛው ትል እንቁላል የሚወጣው በሽንት ነዋ። ብልቃጥ ይዛ ከክርኔ ሥር የቀረውን ጠብታ ለቀመች። ሰው ትምህርት ሲገፋ እንዲህ ይሆናል።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ርዝመትና ስፋት በካሊፐር፣ ክብደት በሚንጠለጠል ሚዛን። የቅርፊቱ ጠርዝ ላይ ትንሽ ጭረት ታያለህ፤ በሞረድ የተሠራ የመለያ ቁጥር ነው። ይቺ ቀድሞ የተያዘች ናት። ዓይኗን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ውሃ አጠብነው፤ የወጣውን ሳህን ላይ አየን። ምንም የለም። ባልዲ ውስጥ ገባች።

አንድ አዛውንት ውሻቸውን ይዘው በላይ በኩል አለፉ። ምን እንደምንሠራ ጠየቁን። ጓደኛዬ አስረዳቻቸው። ልጅ ሳሉ ውሃው ዓመቱን ሙሉ ይወርድ እንደነበር፣ ኤሊም እንደ ልብ እንደነበር ነገሩን። ከዚያ ዝቅ ብለው አይተው «ታመመች እንዴ?» አሉ። ቅርፊቷ ስለተላላጠ ነው። አልታመመችም፤ አልጌው እያነሳው ነው እንጂ። የአብዛኞቹ መልክ እንዲህ ነው።

ቀትር ላይ የመጨረሻውን ወጥመድ አነሳን። ቀይ ጆሮ። ትልቅ ነው፤ የአገሬውን ኤሊ ሁለት እጥፍ ሳይሆን አይቀርም። ሰርዲኑን ጨርሶ ተቀምጧል። ጓደኛዬ ምንም አላለችም፤ ለብቻው ባለ ሌላ ባልዲ ውስጥ ከተተችው። ይሄኛው ወደ ወንዙ አይመለስም።

ሐሙስ፣ ካኔ

ነፋሱ ስለባሰ ሥራ የለም። ካኔ ወደሚባለው የባህር ዳር ሐይቅ ሄደን ድሮ ዓሣ አጥማጆች የሠሯቸውን የሸምበቆ ጎጆዎች አየን። ምሳ በላን። አንዱ ቦይ ዳር የወደቀ ግንድ ላይ ቀይ ጆሮዎች ፀሐይ ሲሞቁ ነበር። የአገሬው ኤሊም ግንድ ይፈልጋል። ጥሩውን ቦታ የሚይዘው ግን ትልቁ ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ዓርብ፣ መንጠቆና ጂን

ዛሬ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝር።

ጠዋት አሮጌ ስላይዶች አወጣችልኝ። ትሉ ቀይ ሆኖ በመስታወት መሀል ተጣብቋል። ቀለሙ ካርሚን ነው፤ ቁልቋል ላይ ከሚኖር ትንሽ ነፍሳት የሚወጣ። ያንን ነፍሳት የትግራይ ገበሬ በደንብ ያውቀዋል። ለዚሁ ቀለም ተብሎ እንደ ፈረንጆች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከውጭ አስገቡት። አመለጠና በለሱን ፈጀው። ስለ መጤ ተባይ የሚሠራ ላብራቶሪ ትሉን በመጤ ተባይ ቀለም ይቀባል።

ፔርፒኛን የዚህ ትል አሮጌ መንደር ናት። ክሎድ ኮምብ የተባለው የጥገኛ ሕይወት ሊቅ እዚህ ነበር ያስተማረው። ለብዙ አሥርት ዓመታት የኤሊ ፖሊስቶሞች የሚለዩት በኋላ ጫፋቸው ባለው ትልልቅ መንጠቆ ነበር። ሁለት ጥንድ ካለው ፖሊስቶሞይዴስ። አንድ ጥንድ ካለው ፖሊስቶሞይዴላ። ጭራሽ ከሌለው ኒዮፖሊስቶማ። ለተማሪ የሚመች ነው፤ ቆጥረህ ትገላገላለህ።

ዝርያ ከዝርያ ለመለየት ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ጓደኛዬ ከአንድ ቦታ የተገኙ ሁለት ትሎች አሳየችኝ። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ቀጭንና ረጅም። ሁለት ዝርያ ናቸው ብዬ ልምል ነበር።

«አንዱ ሲደርቅ በመስታወት ተጭኗል፤ አንዱ አልተጫነም» አለችኝ። «በቃ ልዩነታቸው እሱ ነው።»

የትል ገላ እንደ ሊጥ ነው፤ እንደዳመጥከው ይሰፋል። ዕድሜም አለ። ወጣቱ ትል ከአሮጌው ያንሳል። ትልልቆቹ መንጠቆዎች እንኳ ከትሉ ጋር ያድጋሉ። ስለዚህ በድሮ ጽሑፍ ላይ «ይሄኛው 3 ሚሊሜትር፣ ያኛው 4» የሚል ነገር ስታነብ መጠንቀቅ ነው። ልዩነቱ የዝርያ ይሁን የዕድሜ፣ ወይም የላብራቶሪ ሠራተኛው አውራ ጣት፣ ከቁጥሩ ብቻ አይታወቅም።

የሚታመኑት ጠጣሮቹ ነገሮች ናቸው። እጩ ከእንቁላል ሲወጣ ኋላው ላይ 16 ጥቃቅን መንጠቆዎች ይዞ ይወጣል። እነዚህ አያድጉም። ትሉ አድጎ አርጅቶም ያው ናቸው። በሺህ እጥፍ አጉልተህ የእያንዳንዱን ምላጭና እጀታ ትለካለህ። ሞከርኩት። አንዱን ለክቼ ስጨርስ አንገቴ ደነደነ።

ከሰዓት ወደ ዲኤንኤው ገባን። እዚህ ትንሽ ረዳኋት፤ ይሄ የኔ ሙያ ነው። እንቁላሉ ይፈጫል፣ ዲኤንኤው ይወጣል፣ በፒሲአር ይባዛል። ፒሲአርን ከኮቪድ ወዲህ የማያውቀው የለም። የሚነበበው ሲኦአይ የሚባለው የማይቶኮንድሪያ ጂን ቁራጭ ነው። ይሄ ጂን ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። አንድ ዝርያ ውስጥ ያሉ ትሎች በጥቂት ፊደል ቢለያዩ ነው። በሁለት ዝርያዎች መሀል ግን ልዩነቱ ይሰፋል። ፊደሎቹን ጎን ለጎን ትደረድርና ማን ከማን እንደሚዛመድ ታያለህ።

በዚህ መንገድ የትሎቹ የዝምድና ዛፍ ሲሠራ መንጠቆ ቆጠራው ፈረሰ። መንጠቆ የሌላቸው ሁሉ ከአንድ ግንድ አልመጡም። አንዳንዱ መንጠቆ አልባ ትል ከሌላው መንጠቆ አልባ ይልቅ ሁለት ጥንድ ላለው ይቀርባል። የሚኖርበት ሰፈር የተሻለ ይናገራል። በዓይን ሽፋን ሥር የሚኖሩት ኒዮፖሊስቶማ ተብለው አንድ ላይ ታጉረው ነበር። በ2020 ወጥተው ፎርኒክስትሬማ፣ አፓሎኒዮትሬማና አውሲትሬማ የሚባሉ ሦስት አዳዲስ ወገኖች ተሰየሙላቸው። ከዚያ ስላይዶቹን መልሰው በማይክሮስኮፕ አዩ። ልዩነቱ ገላቸው ላይም ነበረ። ብቻ ምን እንደሚፈለግ አይታወቅም ነበር። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ሰው ጂን መጣና ማይክሮስኮፕን ጣለው ይላል። እዚህ ጂኑ ያደረገው ማይክሮስኮፑን ወዴት ማዞር እንዳለብህ መጠቆም ነው።

ያ ሁሉ ለወንዙ ኤሊ ምን አገባው? እንዲህ ነው። ከባዮሪ ያመጣናት ኤሊ ፊኛዋ ውስጥ ትል ቢኖራት፣ የአያቶቿ ትል ነው ወይስ የቀይ ጆሮው? በዓይን ብዙ አይለይም። በጂን ግን ይለያል። መጀመሪያ በ2011፣ በማቆያ ቦታዎች ተቀላቅለው ከሚኖሩ ኤሊዎች ላይ ታየ፤ የአሜሪካ ትሎች ወደ አውሮፓ ኤሊዎች ተሻግረዋል። ሰው አጉሮ ስላቀላቀላቸው ነው ሊባል ይችላል። በ2015 ግን በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ በሚኖረው የወንዝ ኤሊ ላይ ያው ተገኘ። ሰፈራቸውን ግን አልለቀቁም። የጉሮሮው ወደ ጉሮሮ፣ የፊኛው ወደ ፊኛ።

መንገዱ የአንድ ወገን አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ስፔን የተለቀቁ ቀይ ጆሮዎች ፖሊስቶም ያልሆኑ ሌሎች የአገሬውን ኤሊዎች ትሎች ይዘው ተገኝተዋል፤ ይሄ በ2009 ታትሟል። መጤው ሲቀበልም አደጋ አለው። ለአገሬው ትል ተጨማሪ ማደሪያ ይሆናል፤ እንቁላሉም ውሃው ውስጥ ይበዛል።

ማታ ባልዲዎቹን አጠለልን። የትናንት ወዲያዋ ኤሊ ሁለት እንቁላል ሰጥታለች። ቀይ ጆሮውም ሰጥቷል። ጎን ለጎን አደረግናቸው። እኔ አንድ ናቸው አልኩ። ጓደኛዬ «አላውቅም» ብላ ለየብቻ ብልቃጥ ውስጥ ከተተቻቸው።

ቅዳሜ፣ ቡና

ኤሊዋን ጠዋት ወደ ኩሬዋ መለስናት። ስትገባ ዞር ብላም አላየችን።

ከሰዓት ጓደኛዬ ቤት ቡና ተፈላ። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ፣ ዕጣኑ በመስኮት ጠርዝ ላይ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያውን በፎጣ ሸፍነዋለች። ፖሊስቶም ኤሊን ይገድላል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ እምብዛም አይታይም አለችኝ። የሚያስፈራት ሌላው ነው። የኤሊ የደም ትል አለ፤ የቢልሃርዝያ ዘመድ። እሱ በቀንድ አውጣ በኩል ይዞራል። በስፔን ጋሊሲያ የአውሮፓ ኩሬ ኤሊዎች በዚህ ትል ሲታመሙና ሲሞቱ ታይቷል። በ2015 የታተመው ጥናት ትሉ ከመጤ ኤሊዎች የተሻገረ ሳይሆን አይቀርም ይላል።

ቀንድ አውጣ ሲነሳ ጨዋታው ወደ እንዶድ ዞረ። አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ማየቱን ሁለታችንም ከትምህርት ቤት እናስታውሳለን። ምን ዓይነት ዓይን ነው ግን! ስንት ሰው በዚያ ወንዝ አልፏል።

ሦስተኛው ሲኒ ላይ የጠራችኝ ለባልዲ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

«ለገና አገር ቤት ትሄዳለህ አይደል?»

«እና?»

«ቆላ ያሉት ኩሬ ኤሊዎች። ዝናብ ሲዘንብ የሚወጡት።»

ፔሎሜዱሳ ማለቷ ነው። ከአፍሪካ ቀንድ እስከ ደቡብ አፍሪካ የተሰራጨ የውሃ ኤሊ ነው። ለረጅም ጊዜ አንድ ዝርያ ተብሎ ተቆጠረ። በ2014 ጂኑ ሲታይ ቢያንስ አሥር ሆነ። እንግዲህ ኤሊው አሥር ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ትልስ? በ1965 ኦዜና ኮምብ ከዚህ ኤሊ አንድ ፖሊስቶም ገልጸው ነበር፤ ስሙ ፖሊስቶሞይዴስ ሻቦዲ ነው። ያ የተገለጸው ኤሊው አንድ ተብሎ በሚታሰብበት ዘመን ነው።

«ባልዲና ወንፊት ብቻ ነው የሚያስፈልግህ» አለች። «ውሃውን ታጠልላለህ፣ እንቁላሉን አልኮል ውስጥ ትጨምራለህ፣ ታመጣልኛለህ።»

«እንደዋዛ አመጣለሁ?»

እሷም ታውቃለች። የኢትዮጵያን የዘረመል ሀብት ከአገር ለማውጣት ፈቃድ የሚሰጠው የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፤ አዋጁ ቁጥር 482 ነው። ሁለት የትል እንቁላልም ቢሆን ሕጉ ሕግ ነው። ደግሞም ትክክል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደብዳቤ፣ ከዚያ የትብብር ስምምነት ከአንድ የአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ ከዚያ ፈቃድ። ባሕር ዳር ያለ መምህራችንን አስታወስን፤ ሰኞ ልንጽፍላቸው ተስማማን። ላፕቶፑን ከፈተች። ደብዳቤውን በአማርኛ እኔ ልጽፍ፣ የትሎቹን ስም እሷ ልትሞላ ተከፋፈልን። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ ጀመርኩ። አጠፋችው። «በስማቸው ጻፍ እንጂ፤ መምህራችን አይደሉም እንዴ?»

ባቡሬ ሊሄድ 40 ደቂቃ ሲቀረው ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነበርን።